ከመሠረቱ በፊት ገንዘቡ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 የተጀመረው የሱዳን ጦርነት በኦምዱርማን ከተማ ብዙ ቤት አፍርሷል፤ ብዙ ሰውም አሰድዷል። የሱዳን ጦር በሜይ 2025 የካርቱምን ግዛት በሙሉ መያዙን ካስታወቀ ወዲህ ሰው እየተመለሰ፣ የተበሳው ግድግዳ እየተለሰነ፣ የወደቀው ጣሪያ እየተከደነ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ኢትዮጵያውያን ግንበኞችና ቀን ሠራተኞችም አሉ። ቀጥሎ ያለው ምልልስ የሁለት ሰዎች ነው። አንደኛው ከመተማ ተሻግሮ በኦምዱርማን ግንባታ ላይ የሸበተ ጎንደሬ ግንበኛ ነው። ሁለተኛዋ እዚያው ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዳ፣ አዲስ አበባ ተምራ፣ በሳይት መሐንዲስነት የሠራች ወጣት ናት። የሚያድሱት ቤት በወድ ኑባዊ ሰፈር ነው፤ ባለቤቶቹ የሚኖሩት ጅዳ ነው።

መሐንዲሷ፦ ጋሼ፣ ትናንት ወሬያችንን ሳንጨርስ መሸብን። የዚህን ቤት ውል ብሎክቼይን ላይ በሚቀመጥ ስማርት ኮንትራክት እንጻፈው ያልኩት ከልቤ ነው።

ግንበኛው፦ እኔም ሳወጣ ሳወርደው ነው ያነጋሁት፣ ልጄ። ብሎክቼይን ሲባል የምሰማው ከቢትኮይን ጋር ነው። አገር ቤት ያሉት ልጆች፣ መብራት ኃይል ለቢትኮይን ማይኒንግ ኩባንያዎች ኤሌክትሪክ እንደሚሸጥ ይነግሩኛል። እሱ ነገር ከአሸዋና ከሲሚንቶ ጋር ምን አገናኘው?

መሐንዲሷ፦ ቢትኮይን የዚህ አሠራር አንድ ጥቅም ነው፤ ቀድሞ ስለመጣ ስሙን ወሰደው። ራሱን ሳቶሺ ናካሞቶ ብሎ የጠራ፣ እስከ ዛሬ ማንነቱ ያልተረጋገጠ ሰው እ.ኤ.አ. በ2008 ሐሳቡን በጽሑፍ አወጣ፤ በ2009 መጀመሪያ ሥራ ላይ ዋለ። ከሥሩ ያለው ነገር መዝገብ ነው። መዝገቡ በአንድ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ አይቆለፍም፤ ተመሳሳይ ቅጂው በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ይቀመጣል። አዲስ ነገር ሲጻፍ ሁሉም ያዩታል፣ ሁሉም ይይዙታል። እርስዎ ጃሉስ ሠርተው ያውቃሉ አይደል?

ግንበኛው፦ እዚህ አገር መጥቼ መጀመሪያ የለመድኩት ሥራ ነው። የድሮው ኦምዱርማን እኮ በጃሉስ የቆመ ነው። ጭቃው ይቦካል፣ በእጅ እየተጠፈጠፈ አንድ ዙር ይወጣል፣ እሱ ሲደርቅ ሁለተኛው ዙር ይጫንበታል። ሳይደርቅ ከቸኮልሽ ይናዳል።

መሐንዲሷ፦ ግድግዳው ካለቀ በኋላ ከታች ያለውን ዙር አውጥቼ ልቀይረው ቢሉስ?

ግንበኛው፦ የላዩ ሁሉ ይወርዳል። ጎረቤቱም ያያል።

መሐንዲሷ፦ ብሎክቼይንም እንዲሁ በዙር በዙር የሚወጣ መዝገብ ነው። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ዙር ከይዘቱ አስልቶ አንድ መለያ ያወጣለታል፤ ሐሽ ይሉታል። ከተጻፈው ላይ አንዲት አኃዝ ቢነካ መለያው ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። ቀጣዩ ዙር ደግሞ የቀደመውን መለያ በውስጡ ይዞ ስለሚጻፍ፣ የታችኛውን የነካ ሰው የላዩን በሙሉ ያፋልሳል። በሌላው ሰው እጅ ያለው ቅጂም ወዲያው ያጋልጠዋል።

ግንበኛው፦ ገባኝ። ለእኔ ምን ያደርግልኛል የሚለው ግን አልገባኝም። ጦርነቱ ሲፈነዳ የብዙ ሳምንት ዮሚያ፣ የቀን ሒሳባችን፣ ያልተከፈለን ሰዎች ነበርን። ያሠራን የነበረው ሙቃዊል፣ ተቋራጩ፣ ቤተሰቡን ይዞ ወጣ፤ ስልኩም ጠፋ። ደብተሩ ግን ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። የእያንዳንዱ ሰው ስም፣ የሠራበት ቀን፣ የሙቃዊሉ ፊርማ፣ አንድም አልተፋቀም። የጠፋው ገንዘቡ ነው። የማይፋቅ መዝገብማ ነበረን።

መሐንዲሷ፦ ያሉት እውነት ነው፤ ብዙ የቴክኖሎጂ ሰዎች የሚዘሉትም ይህንን ነው። መዝገብ ብቻውን ማንንም አያበላም። ለዚህ ነው ሁለተኛው ክፍል የሚያስፈልገው። ኒክ ዛቦ የሚባል የኮምፒውተርና የሕግ ባለሙያ ስማርት ኮንትራክት የሚለውን ሐሳብ በ1990ዎቹ አቀረበ፤ በ2015 ኢቴሪየም የተባለው መረብ ሥራ ሲጀምር ሐሳቡ መሬት ወረደ። ውሉ እንደ ፕሮግራም ተጽፎ መዝገቡ ላይ ይቀመጣል። ገንዘቡም አስቀድሞ እዚያው ይቆለፋል። የተስማማንበት ነገር መፈጸሙ ሲረጋገጥ፣ ማንም እስኪፈርም ማንም እስኪለመን ሳይጠበቅ ክፍያው ይለቀቃል።

ግንበኛው፦ “አስቀድሞ ይቆለፋል” ያልሽውን ድገሚልኝ።

መሐንዲሷ፦ ሥራው ሳይጀመር ባለቤቱ ገንዘቡን ያስገባል። ካስገባ በኋላ እንዳሻው መልሶ ሊያወጣው አይችልም፤ ተቋራጩም ሳይሠራ ሊነካው አይችልም።

ግንበኛው፦ በይ ቀጥዪ። አሁን ገና መስማት ጀመርኩ።

መሐንዲሷ፦ አዲስ አበባ ሳይት ላይ ያየሁትን ልንገርዎት። ተቋራጩ የወሩን ሥራ ለክቶ፣ የልኬት ቅጹን፣ ቴክ ኦፍ ሺቱን፣ ሞልቶ፣ የክፍያ ጥያቄውን ለአማካሪው ያቀርባል። አማካሪው መርምሮ የክፍያ ሰርተፊኬት ያወጣል፤ ወረቀቱ ወደ ባለቤቱ ይሄዳል፤ ከዚያ ፋይናንስ፣ ከዚያ የኃላፊ ፊርማ፣ ከዚያ ባንክ። በብዙ አገር የሚሠራበት የ1999ኙ የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ የሚባለው የግንባታ ውል ቅጽ፣ መሐንዲሱ በ28 ቀን ሰርተፊኬት እንዲያወጣ፣ ገንዘቡም ጥያቄው በቀረበ በ56 ቀን ውስጥ እንዲከፈል ያዝዛል። ሳይት ላይ የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ግን በወረቀቱ ቀን የሚከፈለው ጥቂት ነው። ተቋራጩ ሲዘገይበት ሰብ ኮንትራክተሩን ያዘገያል፣ ሰብ ኮንትራክተሩ ፎርማኑን፣ ፎርማኑ ቀን ሠራተኛውን።

ግንበኛው፦ ቀን ሠራተኛው የሚያዘገየው ሰው የለውም። ልጁ ዛሬ ማታ ነው የሚርበው።

መሐንዲሷ፦ ገንዘቡ ቢመጣም ዋጋው ተሸርሽሮ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 መጨረሻ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት የፌሮና የሊፍት ዋጋ ቆርጦ የፈረመ ተቋራጭ፣ ክፍያው በዘገየ ቁጥር ከኪሱ ይጨምር ነበር።

ግንበኛው፦ ይህ የድሃ አገር ችግር ነው እንበል?

መሐንዲሷ፦ እንዳይሉ። በእንግሊዝ አገር ካሪሊየን የሚባል ግዙፍ የግንባታ ኩባንያ በጃንዋሪ 2018 ወደቀ። ሆስፒታል የሚሠራ፣ መንገድ የሚሠራ፣ ከመንግሥት ትልልቅ ሥራ የሚወስድ ነበር። ሲወድቅ ለ30,000 ያህል አቅራቢዎችና ሰብ ኮንትራክተሮች 2 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ዕዳ ነበረበት። አንዳንዶቹን የሚከፍለው በ120 ቀን ነበር። ያ ሁሉ ሕግና ፍርድ ቤት ባለበት አገር፣ የሌላውን ላብ እንደ ብድር ይጠቀምበት ነበር።

ግንበኛው፦ ከዚያ በኋላ ምን አደረጉ?

መሐንዲሷ፦ መድኃኒቱ ከዚያ በፊትም ነበራቸው፤ ሁሉም ሥራ ላይ አልዋለም እንጂ። የፕሮጀክት ባንክ ሒሳብ ይሉታል። ባለቤቱ ክፍያውን በዋናው ተቋራጭ ኪስ አያሳልፍም፤ ለፕሮጀክቱ ብቻ በአደራ በተከፈተ ሒሳብ ያስገባል፤ ከዚያ ሰብ ኮንትራክተሩም ዋናው ተቋራጭም ድርሻቸውን በቀጥታ ይወስዳሉ። ተቋራጩ ቢከስር እንኳ በአደራው ሒሳብ ያለው ገንዘብ የዕዳው መክፈያ አይሆንም።

ግንበኛው፦ እሱ ውስጥ ብሎክቼይን አለ?

መሐንዲሷ፦ የለም።

ግንበኛው፦ እንግዲያውስ መድኃኒቱ ገንዘቡን ለይቶ ማስቀመጡ ነው። ብሎክቼይኑ ቢቀርስ?

መሐንዲሷ፦ ዋናው መድኃኒት እሱ ነው፤ አልክድም። ኮዱ የሚጨምረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ባንክ ያለው አደራ በሰው ፊርማ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ፈራሚው ቢታመም፣ ቢሸሽ፣ ጉቦ ቢጠይቅ ክፍያው ይቆማል። በኮድ የታሰረው ሁኔታው ከተሟላ አይቆምም። ሁለተኛ፣ ግንበኛው ገንዘቡ መኖሩን በሥራው መሀል ራሱ ማየት ይችላል። ዛሬ ተቋራጩ “ባለቤቱ አልላከልኝም” ሲልዎት እውነቱን በምን ያውቃሉ? እዚያ ላይ ከስልክዎ ያዩታል። የሚቀጥለው ሳምንት ገንዘብ ከሌለ የሚቀጥለውን ሳምንት አይሠሩም።

ግንበኛው፦ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኛን የሚጎዳን እኮ ተስፋው ነው። “ነገ ነገ” እየተባልን እንሠራለን፤ ያልተከፈለን እየበዛ ሲሄድ ደግሞ ጥሎ መሄድ ይከብዳል፣ የቀደመውን እናጣለን ብለን። አሁን እኔ የምጠይቅሽ አለ። ኮዱ ሥራው መሠራቱን በምን ያውቃል? ዓይን የለው።

መሐንዲሷ፦ ከባዱ ጥያቄ እሱ ነው። ኮዱ ከመዝገቡ ውጭ ያለውን አያውቅም። ወይ መሣሪያ ወይ ሰው ሊነግረው ይገባል። ለዚህ ለምናድሰው ሶሌታ ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ አርማታው ከመሞላቱ በፊት ፌሮው ሜትር ተዘርግቶበት ፎቶ ይነሣል። የፎቶው ሐሽ መዝገቡ ላይ ይገባል፤ ፎቶው ራሱ ከባድ ስለሆነ ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ኋላ ማንም ፎቶውን ቢቀይር ከሐሹ ጋር አይገጥምም።

ግንበኛው፦ ልጄ፣ እኔ ፌሮ አስሬ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ባለ 12ቱን ፌሮ በየ15 ሳንቲ ደርድሬ፣ ሜትሬን ዘርግቼ ፎቶ ላስነሣሽ እችላለሁ። ከግድግዳው ጥግ፣ ካሜራው ከማይደርስበት፣ በየ30 ሳንቲ ባደርገውስ? ከሥሩ ስፔሰር ሳላደርግ ፌሮው ከእንጨቱ ላይ ተኝቶ አርማታ ብሞላበትስ? ሙቀቱ አርባ ሲያልፍ አርማታው እጅ ላይ ይደርቃል፤ ልጆቹ እንዲፈስላቸው ውኃ ይጨምሩበታል። ያንን ፎቶ አያሳይም። ከሞላን በኋላ ደግሞ ፌሮውን የሚያየው እግዚአብሔር ብቻ ነው።

መሐንዲሷ፦ ልክ ነዎት። የተዋሸ ልኬት ከገባ መዝገቡ ውሸቱን ለዘለዓለም ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ልኬቱ የአንድ ሰው ቃል መሆን የለበትም። ሦስት ሰዎች ይኑሩ፦ እኔ፣ እርስዎ፣ ከባለቤቶቹ ወገን እዚህ ያለ አንድ ዘመድ። ከሦስቱ ሁለቱ በየግል ዲጂታል ቁልፋቸው ካረጋገጡ ክፍያው ይለቀቃል። በሙሌቱ ቀን ሦስታችንም ቆመን እንይ። ከአርማታው 15 ሳንቲ ስፋት ያላቸው ኪዩቦች ወስደን በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ላቦራቶሪ እናስጨፍልቅ።

ግንበኛው፦ በ28ኛው ቀን ኪዩቡ ቢወድቅ ክፍያው ይያዛል ማለት ነው?

መሐንዲሷ፦ የሶሌታው ክፍያ ይያዛል።

ግንበኛው፦ እዚህ ላይ ነው የማልስማማው። አሸዋ ያጋዘው ልጅ ኪዩብ ቢወድቅ ምን አደረገ? ሲሚንቶ ያሳነሰው ሙቃዊሉ ሊሆን ይችላል፣ ውኃ ያስጨመረው ፎርማኑ ሊሆን ይችላል። ኮድሽ ሁሉንም በአንድ ቋጠሮ ካሰረው፣ ያው የድሮው በደል በአዲስ መሣሪያ ተሠራ ማለት ነው። ያውም ማንንም ለምነሽ የማታስለውጪው በደል።

መሐንዲሷ፦ እንዴት ይለይ ይላሉ?

ግንበኛው፦ ዮሚያውንና የጥራቱን ገንዘብ ለዪው። ቀን ሠራተኛው የሚከፈለው በዋለበት ነው። ጠዋት መምጣቱ፣ ማታ መውጣቱ ከተመዘገበ ሐሙስ ማታ ይከፈለው። እዚህ አርብ ዕረፍት ነው። ኪዩብም ሰርተፊኬትም አይጠብቅ። ጥራቱ የሚያዘው ከሙቃዊሉ ትርፍ ላይ ነው።

መሐንዲሷ፦ ከሙያው ሕግ ጋር ይሄዳል። ሪቴንሽን የሚባለው፣ ከእያንዳንዱ ክፍያ ብዙ ጊዜ 5 በመቶ ተቀንሶ የሚያዘው ገንዘብ፣ የተቋራጩ ዋስትና ነው፤ የሠራተኛው አይደለም። ርክክብ ሲሆን ግማሹ፣ የጉድለት ማረሚያው ጊዜ ሲያልቅ ቀሪው ይመለሳል። እንግዲህ ሁለት የተለያየ ደንብ ይኑረን። ለዮሚያ፦ መገኘቱ ከተመዘገበና በሁለት ቀን ውስጥ ማንም በምክንያት ካልተቃወመ ክፍያው ራሱ ይለቀቅ። ለጥራት፦ ዝምታ ማጽደቅ አይሁን፤ ሁለት ሰው በግልጽ ካላረጋገጠ አይለቀቅ።

ግንበኛው፦ እንዲህ ከሆነ ዝምታ የሚጎዳው ሀብታሙን ነው። እስከ ዛሬ ድሃውን ነበር የሚጎዳው። ይህን ጻፊው።

መሐንዲሷ፦ ጻፍኩት። አሁን መዝገቡ ወደሚጠቅምበት ልመለስ። በሜይ 2023 የኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የመሐመድ ዑመር በሺር የሱዳን ጥናት ማዕከል ተቃጥሏል። የአንድ አገር መጽሐፍና ሰነድ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ተቀምጦ ጠፋ። የቤት ካርታ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የማን ግድግዳ እስከ የት እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀትም በአንድ ቦታ ከተቀመጠ ዕጣው ይኸው ነው። ጆርጂያ የምትባለው የካውካሰስ አገር ከ2016 ጀምሮ የመሬት ይዞታ መዝገቧን ሐሽ ብሎክቼይን ላይ ማኖር ጀመረች፤ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰነድ እንዲህ ተመዝግቧል። ቢሮው ቢቃጠል እንኳ በሌላ እጅ ያለ ቅጂ እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ ይቻላል።

ግንበኛው፦ ለካርታ ደስ ይላል። ለክፍያ ግን አንድ ነገር እንዳትረሺ። በፌብሩዋሪ 2024 ኔትወርክ ከአገሩ በሙሉ ጠፍቶ እንደነበር ታስታውሻለሽ?

መሐንዲሷ፦ አስታውሳለሁ።

ግንበኛው፦ ሰው የሚኖረው በባንካክ ነበር። ከውጭ ዘመድ የሚልከው፣ የሰፈሩ የጋራ ማዕድ ቤት ባቄላና ምስር የሚገዛበት፣ ሁሉም በዚያች የባንክ አፕ ነው። ኔትወርኩ ሲሄድ ብዙ የጋራ ማዕድ ቤቶች ሥራ አቆሙ፤ ገንዘቡ እያለ መድረስ አልቻለም። የእኛን ዮሚያ እዚያ ላይ ብትሰቅዪው አንድ ቀን እንዲሁ እንቀራለን።

መሐንዲሷ፦ ለዚያ የሚሆን ደንብ ሊጻፍ ይገባል። መገኘትና ልኬት ኔትወርክ ሳይኖር በስልክም በወረቀትም ይመዝገብ፤ ግንኙነቱ ሲመለስ ይግባ። እዚህ ብዙ ሰው በስታርሊንክ ነው የሚገናኘው፤ እሱን በሳምንት አንዴ ማግኘት ይበቃል። ለዮሚያ ደግሞ የአንድ ሳምንት መጠን በጥሬ ገንዘብ መጠባበቂያ ይያዝ። ኮዱ የወረቀቱ ተተኪ ከመሆኑ በፊት የወረቀቱ ጓደኛ ይሁን።

ግንበኛው፦ ገንዘቡስ በምን ይቆጠራል? ከጦርነቱ በፊት ዶላር 600 የሱዳን ፓውንድ ገደማ ነበር፤ አሁን በገበያ ከ2000 አልፏል። በፓውንድ ቆልፈሽ ካስቀመጥሽው ሶሌታው ሳይደርቅ ገንዘቡ ይተናል።

መሐንዲሷ፦ ባለቤቶቹ የሚሠሩት በሪያል ስለሆነ የውሉ መቁጠሪያ ሪያል ይሁን። ለሲሚንቶና ለፌሮ፣ በየምዕራፉ መጀመሪያ ከሦስት ነጋዴዎች ዋጋ ተጠይቆ መካከለኛው ይያዝ፤ አንዱ ነጋዴ ከተቋራጩ ጋር ቢመሳጠር እንኳ ዋጋውን ብቻውን አይወስንም። ሥራውንም በትንሽ በትንሹ እንከፋፍለው። አንድ ምዕራፍ ከሁለት ሳምንት ካልበለጠ ማንም ብዙ አይከስርም።

ግንበኛው፦ ኮዱ ራሱ ስሕተት ቢኖርበትስ? ሰው የጻፈው ነው።

መሐንዲሷ፦ ተከስቷል። በጁን 2016 ኢቴሪየም ላይ ዘ ዳኦ ከሚባል የጋራ ገንዘብ ማሰባሰቢያ፣ አንድ ሰው የኮዱን ቀዳዳ ተጠቅሞ 3.6 ሚሊዮን ያህል ኢተር፣ የኢቴሪየምን ገንዘብ፣ አወጣ። ኮዱ ፈቀደለት፤ ኅሊና ግን አልፈቀደለትም። በሚቀጥለው ወር አብዛኛው ተጠቃሚ ተስማምቶ የተወሰደውን ገንዘብ ለባለቤቶቹ የሚመልስ ለውጥ መዝገቡ ላይ አደረገ፤ ያልተስማማው ክፍል ተለይቶ በቀድሞው መዝገብ ቀጠለ። ከዚያ የምማረው፣ የማይቆም ኮድ አደገኛ መሆኑን ነው። የእኛ ውል የሚያቆመው ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፉ ግን በአንድ ሰው እጅ አይሁን። ክርክር ሲነሣም የሚዳኝ ሽማግሌ አስቀድሞ ይሰየም።

ግንበኛው፦ ሽማግሌ ካለበትማ ውሉ ውል ሆነ። አሁን ስለ ልጆቹ ልንገርሽ። ከእኔ ጋር ከሚሠሩት መኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው አሉ። በስማቸው ሲም ካርድ የላቸውም፤ ባንካክም ሊከፍቱ አይችሉም። በሌላ ሰው ሒሳብ ያስገቡና ኮሚሽን ይቆረጥባቸዋል። ስልክ በመንገድ ይነጠቃል። ያ “ቁልፍ” የምትዪው ስልኩ ውስጥ ከሆነ ከስልኩ ጋር ዮሚያውም ሄደ።

መሐንዲሷ፦ ቁልፉ ሲጠፋ የሚመለስበት መንገድ ይኖራል። ልጁ የሚያምናቸው ሦስት ሰዎች አስቀድሞ ይመዘገቡና፣ ሁለቱ ሲመሰክሩ አዲስ ቁልፍ ይሰጠዋል። ስሙ ደግሞ ሰው ሁሉ በሚያየው መዝገብ ላይ ጨርሶ አይጻፍም፤ ቁጥር ብቻ ይጻፋል። ወረቀት የሌለውን ሰው የማይፋቅ መዝገብ ላይ በስሙ ማስፈር ለአዳኙ አሳልፎ መስጠት ነው።

ግንበኛው፦ ውሉስ በምን ቋንቋ ነው? የወረቀቱ ዓረብኛ ነው፤ የኮዱን ደግሞ አንቺ እንጂ እኔ አላነበውም።

መሐንዲሷ፦ የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ጥሩ ድንጋጌ አለው፤ ቁጥር 1728። ማንበብ የማይችል ሰው ምልክቱን ያደረገበት ውል፣ ሥልጣን ባለው ሰው ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ሕጉ እዚህ ኦምዱርማን ባይሠራም መንፈሱ ይሠራል። በኮድ ፊት እኮ አብዛኞቻችን ያልተማርን ነን፤ ባለሀብቱም ጠበቃውም ጭምር። ስለዚህ እያንዳንዱ አንቀጽ በአማርኛና በዓረብኛ በድምፅ ይቀረጽ፤ ሠራተኛው ሰምቶ “ገባኝ” ይበል፤ ኮዱና ድምፁ ከተጋጩ ድምፁ ይጽና።

ግንበኛው፦ ይህን እወዳለሁ። ግን እውነቱን ንገሪኝ፤ ለዚህ ቤት ይህ ሁሉ ዛሬ ይሆናል?

መሐንዲሷ፦ ሁሉም አይሆንም። እዚህ ያለ ባንክ ከኮድ ትእዛዝ ተቀብሎ ገንዘብ እንዲለቅ የሚያደርገው ሥርዓት የለም። ለዚህ ቤት፣ ባለቤቶቹ የየምዕራፉን ገንዘብ ሦስታችንም በተስማማንበት ሰው ዘንድ ያስቀምጣሉ፤ ልኬቱንና ፎቶውን እኛ በመዝገቡ እናኖራለን። የማስበው ግን ለአገር ቤት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ቁርጥራጮቹ ሁሉ አሉ። ቴሌብር እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ አለ፤ ፋይዳ መታወቂያ አለ፤ የመንግሥት ግዥ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እየገባ ነው፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሕጋዊ ዋጋ ሰጥቶታል። ትምህርት ሚኒስቴር በዚያው በ2021 ካርዳኖ የተባለውን ብሎክቼይን ከሚሠራው ድርጅት ጋር የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን የትምህርት ማስረጃ በብሎክቼይን ለመመዝገብ መስማማቱ ይፋ ሆኖ ነበር። ክፍያው በክሪፕቶ መሆን የለበትም፤ ብሔራዊ ባንክም በ2022 ይህን ከልክሎ አስጠንቅቋል። ገንዘቡ ብር ሆኖ ባንክ ይቀመጥ፤ ኮዱ የሚለቀቅበትን ሰዓት ብቻ ይወስን።

ግንበኛው፦ ቁርጥራጩ ሁሉ ካለ የጎደለው ምንድን ነው?

መሐንዲሷ፦ ገንዘቡን ከሥራው በፊት የማስቀመጥ ግዴታ። ባለቤቱ፣ መንግሥትም ቢሆን፣ በጀቱ በእጁ ሳይኖር ጨረታ ያወጣል፤ መሠረት ይጣላል፤ ከዚያ ሕንፃው በቆመበት ይቀራል። ስማርት ኮንትራክት ባዶ ሣጥን ቆልፎ ሊከፍል አይችልም። ለዚህ ይመስለኛል ብዙ ባለቤት በቴክኖሎጂው ስም ስብሰባ የሚጠራ፣ ወደ ሥራ ሲገባ ግን የሚያፈገፍገው።

ግንበኛው፦ እንግዲያው ውሉን ከቀን ሠራተኛው ጀምሪ። የመጀመሪያው አንቀጽ፣ “የሳምንቱ ዮሚያ ሳይቀመጥ የሳምንቱ ሥራ አይጀመርም” ይበል። ከዚያ ግንበኛው ይምጣ፣ ከዚያ ዕቃው፣ ከዚያ የሙቃዊሉ ትርፍ። እስከ ዛሬ ውል ሁሉ ከላይ ወደ ታች ነው የተጻፈው፤ ገንዘቡም ከላይ ወደ ታች ሲወርድ በመንገድ ያልቃል። አንቺ ከታች ጻፊው።

መሐንዲሷ፦ ጅዳ ያሉት ባለቤቶች እምቢ ቢሉስ? “እኛ እንታመናለን፣ አስቀድሞ ማስቀመጥ ለምን?” ቢሉ?

ግንበኛው፦ እንደሚታመኑ አልጠራጠርም። የሚታመን ሰው ግን ኋላ ሊሰጠኝ ያሰበውን አሁን ቢያስቀምጠው የሚጎድልበት የለም። እምቢ ካሉ ገንዘቡ የላቸውም ማለት ነው፤ ያንን ደግሞ ጣሪያው ከተነሣ በኋላ ከማወቅ ዛሬ ማወቅ ለእነርሱም ለእኛም ይበጃል።